ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ ያሉት ሠላሳ ቀናት

መኪናውን ከገዛሁት ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ሱሉልታ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ጥጥ የረገጥኩ ያህል ላላብኝ። ደግሜ ስረግጠው እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ መለስኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየሳብኩ ዳር ላይ ከተከመረ ጠጠር ጋር አስጠግቼ አቆምኩት። ከኋላ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስሞክረው ፍሬኑ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ መያዙ ነው።

በማግሥቱ ቡራዩ የሚሠራ አንድ መካኒክ የፍሬን ዘይቱን መያዣ ከፍቶ አሳየኝ። የጀበና አተላ ይመስል ነበር። «ይሄ ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ እንጃ፤ ውኃ ጠጥቷል፣ ሲግል ይፈላል» አለኝ። የሸጠልኝ ነጋዴ «ሙሉ ሰርቪስ የተደረገለት፣ ምንም ወጪ የሌለው» ብሎኝ ነበር። ዋሸኝ ብዬ ለመማል አልደፍርም። እሱም ከሌላ ሰው ገዝቶታል፤ ያም ሰው ከሌላ የሰማውን ነግሮት ይሆናል። በእኛ ገበያ መኪና ሲሸጥ ቀለሙ፣ የወንበሩ ልብስና ቦሎው አብረው ይሸጣሉ። የጥገና ታሪኩ ግን በየእጁ ሲያልፍ እየተንጠባጠበ ያልቃል።

ያረጀ መኪና መግዛት የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 አጋማሽ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ስለዚህ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣው መኪና ባለበት እየዞረ፣ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው እየተሻገረ ይኖራል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የገባ ቤተሰብ ሥራው መሀል ከተማ ነውና ታክሲ ጥበቃው ሲያንገሸግሸው ያለውን አሟጦ አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይገዛል። ለዚያ ቤተሰብ ነው ይህን የምጽፈው። ስለ መኪናው የተነገረዎትን ሁሉ እንዳልሰሙ ይቁጠሩትና ታሪኩን ከራሱ ከመኪናው ያንብቡ። ለዚህም የመጀመሪያውን ሠላሳ ቀን ይስጡት፤ ከመኪናው ዋጋ ላይም ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ሳይነኩ ያቆዩ። ያ ገንዘብ ከሌለዎት ርካሽ መኪና ይግዙ እንጂ መጠባበቂያውን አይብሉት።

ስለ ቦሎ አንድ ነገር ልበል። ዓመታዊ ምርመራውን ያለፈ መኪና በዚያ ቀን መብራቱ በርቷል፣ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጋው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ምርመራው አይነግርዎትም። የእኔም መኪና ቦሎ ነበረው።

የመጀመሪያው ማታ፦ ሞተር ሳይነሳ

የስልክዎን መብራት ይዘው መኪናው ውስጥ ይግቡ። የሚፈልጉት የዘይት መቀየሪያ ካርድ ነው። ዘይት የቀየረው ቤት ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የሚቀጥለውን ጊዜ ጽፎ የሚሰጠው ትንሽ ወረቀት ነው። የበሩን ምሰሶ፣ የኮፈኑን ውስጥ፣ የፀሐይ መከላከያውን ጀርባ፣ የዳሽቦርዱን ኪስ፣ ምንጣፉንም ሳይቀር ይፈትሹ። መኪናው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ በዓረብኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተለጠፈ ተመሳሳይ ወረቀት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ቋንቋውን ባያውቁም ቁጥሩን ያነባሉ። አንድ አሮጌ ካርድ ላይ 186,000 ተጽፎ የመኪናው ቆጣሪ ዛሬ 124,000 ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልግዎትም፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል። ካርድ ካላገኙ የፔዳሎቹን ላስቲክ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ይዩ። ቆጣሪው 80,000 እያለ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ብረቱ እስኪታይ ከተበላ ወይም አዲስ ላስቲክ ከተደረገለት ቁጥሩን አይመኑት።

ከዚያ ወደ ጎማው ይሂዱ። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለበት ትንሽ ሞላላ ሳጥን አለ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገራሉ። 3517 ካለ በ2017 ሠላሳ አምስተኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2009 መሆኑ ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ስለሆነ አዲስ ነው አይበሉ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ነጋዴ የሚቀባው ጥቁር ቅባት ደግሞ ስንጥቁን ለሁለት ሳምንት ይሸፍናል። ጎማውን በሳሙና አጥበው ያድርቁትና ጎኑን በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፤ እንደ ደረቀ ቆዳ የሚሰነጠቅ ከሆነ ይቀየራል። አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ ምንም ቢያምር አልነዳበትም፤ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነውን ደግሞ ለጎሚስታ አሳይቼ ነው የምወስነው። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ክርክር የለውም። ቅያሪ ጎማውንም አውጥተው ይዩት። አራቱ ጎማዎች ለሽያጭ ሲባል ቢቀየሩ እንኳ እሱን የሚያስታውሰው ስለሌለ ብዙ ጊዜ የመኪናውን እውነተኛ ዕድሜ ይዞ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጠዋት፦ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ

መሸጫው ቦታ ላይ ያዩት ሞተር አስቀድሞ የሞቀ ነበር። አሁን ግን ቤትዎ ደጃፍ ላይ አድሯል፤ ማንም ሳያስነሳው ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደስ አይበልዎት። የታጠበ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ አይታወቅም፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመው ያዩታል። ከሥሩ ካርቶን አንጥፈው ካሳደሩት የሚንጠባጠበው ነገር ቀለሙንና ቦታውን ያሳይዎታል።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጥቁር ዘይት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሥራው ቆሻሻ መሸከም ነው። የሚያሳስበው በጣት መካከል ሲታሽ አሸዋ የመሰለ ነገር ያለበት፣ ወይም እንደ ሬንጅ የወፈረ ዘይት ነው። ዘይቱ እንደ ማር የጠራ ከሆነም አይዘናጉ፤ ለሽያጭ ተቀይሯል ማለት ነው እንጂ ካሁን በፊት ይቀየር ነበር ማለት አይደለም። እውነቱ ያለው የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነው። ክዳኑን ከፍተው በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብረቱ ቀለል ያለ የወርቅ ቀለም ከያዘ ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር ኖሯል። ቡናማ ቅርፊት ወይም ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረበት ግን መኪናው ለዓመታት ተዘንግቷል፤ ያንን በአንድ ዘይት ቅየራ አያጥቡትም። በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ይሻላል። ጠንካራ ማጠቢያ ኬሚካል ጨምረው ዝቃጩን በአንዴ ካስነሱት የዘይቱን መተላለፊያ ሊደፍነው ይችላል።

ክዳኑ ሥር ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ አረፋ ካዩስ? እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ይደነግጣል፣ ሱሉልታ የሚኖሩ ደግሞ ይበልጥ ይደነግጣሉ። በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ ጉዳዩ ብርዱ ነው። ዘንጉም ላይ ወተት ከታየ ግን ውኃና ዘይት ተደባልቋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። መኪናውን አያስነሱት።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ብቻ ነው የሚከፈተው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ መልካም። ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ውኃ ከመሰለ መኪናው የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል፤ ውስጡ ዝጓል። በእኛ አገር ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ነው። እንደ ሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ በደኅናው ቀን የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመችው የራዲያተሩ ክዳን ናት። ጫናውን አምቃ የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ታደርገዋለች። ላስቲኳ የደረቀ ወይም ምንጯ የላላ ክዳን ያለው መኪና ምንም ሌላ እንከን ሳይኖርበት ዳገት ላይ ይፈላል፤ ባለቤቱም ቴስታታ አስወርዶ ብዙ ብር ያወጣል። ካየኋቸው ጥገናዎች ሁሉ በትንሽ ዋጋ ትልቅ ጥፋት የሚያስቀረው ይህን ክዳን መቀየር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ውርጭ መሬቱን ነጭ ሲያደርገው ደግሞ ባዶ ውኃ ቱቦ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ፀረ ዝገትና ፀረ ውርጭ የሆነው ኩላንት ይሞላ።

የፍሬን ዘይቱን ታሪክ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ምክንያቱን ግን ይወቁት። ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ሲጠጣ ይህ አቅም ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራው ሲግል ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሌ ጥጥ የሆነው፣ ቀዝቅዞም የተመለሰው በዚህ ነው። አዲስ ዘይት ፈዛዛ ማር ይመስላል። ከዚያ የጠቆረ ከሆነ መኪናው ወደ የትኛውም ቁልቁለት ከመሄዱ በፊት ይቀየር፣ አራቱም ጎማ ጋ አየሩ ይውጣ። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ።

አሁን ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ብቻ ያዙሩት። የዘይት፣ የባትሪ፣ የሞተር፣ የኤ.ቢ.ኤስ. እና የኤርባግ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ጭራሽ ያልበራ መብራት ከበራው ይበልጥ ያስፈራል፤ የሞተሩን መብራት አምፖል አውጥቶ ወይም በፕላስተር ሸፍኖ መሸጥ የተለመደ ተንኮል ነው። ያስነሱት፤ አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁምልዎት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ሲቃጠል ነው፣ ጥቁሩ ነዳጅ ሲበዛ። ነጩ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ከጠፋ እንፋሎት ነው፤ ካልጠፋ ወደ ጓርኒሲዮኑ ይመለሱ።

ሦስቱ መንገዶች

በእነዚህ ከተሞች መኖር አንድ ጥቅም አለው፤ እያንዳንዱ መንገድ መኪናውን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። የፍሬኑና የጎማው ጉዳይ ከተፈታ በኋላ ሦስቱንም ይሂዱባቸው።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከዚያም ወደ ገፈርሳ የሚወስደው ዳገት የሞተርና የፍሪሲዮን መንገድ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ አስቀድሞ ጉልበቱ ቀንሶበታል። በዚያ ላይ የጠጠርና የአሸዋ መኪኖች የሚያቦኑት አቧራ የአየር ፊልትሮውን ከደፈነው ይታፈናል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ ሲጨምሩ ሞተሩ ጮኾ መኪናው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መለኪያውን ዓይንዎ ሥር ያድርጉት፤ ከመሀል ከፍ ካለ ያቁሙ። ቤት ሲገቡ ፊልትሮውን አውጥተው መሬት ላይ መታ መታ ያድርጉት። ቤንዚን ማደያ ላይ በአየር አስነፍተው መልሰው መክተት የብዙዎች ልማድ ነው፤ እኔ አልመክርም። ወረቀቱን ቀዳዳ ያበጅበታልና አቧራው ቀጥታ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ከአየር ጤና በካራ ቆሬና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ የሚገባው መንገድ የእግር መንገድ ነው፤ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ሾክ አብዞርበር፣ መሪ። ከባድ መኪኖች የሚርመሰመሱበት ስለሆነ እሑድ ማለዳ ይምረጡ። ሬዲዮውን ያጥፉ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ሲያደርጉ የሚቀንስ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው። ቀጥ ባለው ላይ መሪውን ላላ አድርገው ይያዙት፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ አላይመንት ወይም የማይለቅ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ደርሰው ሲወርዱ ቸርኬዎቹን በመዳፍዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግል ጎማ ካለ እዚያ ያለው ሸራ ተጣብቋል።

የሱሉልታው መንገድ የመጨረሻው ነው። ሽቅቡን የሞተሩን ጤና ደግመው ያያሉ፤ ቁልቁለቱን ደግሞ ማርሽ አውርደው፣ በሞተሩ እየያዙ፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ። ፔዳሉ ከላይ ሲነሡ የነበረውን ከፍታ ታች ሲደርሱም ከያዘ፣ የተቃጠለ ሽታም ከሌለ አልፏል። ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን ወሬ እባክዎን አይስሙ፤ ያን ቀን ማርሽ ላይ ባልሆን ይህን አልጽፍም ነበር።

ጋራዥ

ከነጋዴው ጋር ትውውቅ የሌለው መካኒክ ይፈልጉ፤ ነጋዴው «የእኛው ልጅ ያየዋል» ካለዎት አመስግነው ይለፉ። መካኒኩን በስሙ ወይም «ወንድሜ» ብለው አክብረው ያነጋግሩት፣ ቡና ይጋብዙት፣ አጠገቡ ቆመው ይዩ። አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀድመው ይጠይቁት፦ «አራቱንም ጎማ ታወልቃለህ?» ጎማ ሳያወልቅ ፍሬን አየሁ የሚል ሰው አላየም። ሲወልቅ የሸራውን ውፍረት፣ የዲስኩን መሰነጣጠቅ፣ የፍሬን ቱቦውን ላስቲክ፣ የአክሰሉን የላስቲክ ቆብ አብረው ይዩ። ያ ቆብ ከተቀደደ ግራሱ ወጥቶ አቧራ ይገባና ሙሉ ዙር መሪ ሲያዞሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፤ ቆቡ በጊዜ ቢቀየር በጥቂት ብር የሚያልቅ ነገር ነበር።

ስለ ታይሚንግ ቺንጋ በጣም ልለምንዎት። ቪትዝ ከሆነ ያለው ሰንሰለት ነው፤ ዘይቱ በጊዜው እስከተቀየረ ድረስ ዕድሜው ረጅም ነው። ቆየት ያሉት ኮሮላዎች ባለ 5ኤ ሞተር፣ እንዲሁም የድሮዎቹ የናፍጣ ሃይሉክስና አባዱላ ባለ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ግን የላስቲክ ቺንጋ አላቸው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። የናፍጣ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኦቨርሆል ነው። ቆጣሪው ሊመለስ እንደሚችል አይተናል፤ ስለዚህ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሽፋኑን አስከፍተው ስንጥቅ ከማየትም በላይ ይሂዱ፤ ያስቀይሩት። ሲቀየር የሚያወጥሩት ትንንሽ ኩሽኔታዎችና የውኃ ፖምፓውም አብረው ይታዩ፤ የሥራው ዋጋ አንድ ነው።

ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱን ያሽትቱ። ቀይና ሽታ አልባ መሆን አለበት፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ብዙ ወጪ ሊመጣ ይችላልና ከነጋዴው ጋር ከመነጋገርዎ በፊት አይነካ።

ዕቃ ሲገዙ መርካቶ ሶማሌ ተራ መሄድዎ አይቀርም። ያገለገለ ኦሪጅናል ዕቃ ለበር፣ ለመብራት፣ ለራዲያተር፣ ለሞተር አካል ሳይቀር ከአዲስ ፎርጅድ ሊሻል ይችላል። የሚያልቅ ነገር ግን፣ ማለትም ሸራ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ጎማ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ያገለገለ አይገዛም። አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱና ያስተያዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ይያዙ። ከመኪናው የወጣውንም አሮጌ ዕቃ መካኒኩ እንዲያስረክብዎት አስቀድመው ይንገሩት። ይህ አለማመን አይደለም፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልግዎታል።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ መቼም አይበቃም፣ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚገድለው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ። ቀጥሎ ሞተሩን የሚገድለው፦ ውኃው፣ ዘይቱ፣ ቺንጋው። ካንዴላው፣ ሾኩ፣ የነዳጅ ፊልትሮው በሚቀጥለው ደመወዝ ይደርሳሉ። ቀለምና ወንበር ልብስ ዓመት ይጠብቁ።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ከዚህ ሁሉ የተረፉ ይመስላቸዋል። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የለውም፤ ፍሬን ዘይት፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ብዙ ጊዜም የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ግን አሉት፤ እነሱም ይረሳሉ። የትልቁን ባትሪ ቀሪ አቅም በስካነር አስነብበው በወረቀት ይያዙ።

ወደ ነጋዴው መመለስ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በንዴት ይሄድና በባዶ እጁ ይመለሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢው ደግሞ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። መደብር ከፍቶ የሚሸጥ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ስለዚህ ጊዜ ከእርስዎ ጋር አይቆምም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያዩትን በስድስተኛው ወር ቢናገሩ ማንም አይሰማዎትም። የሽያጭ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። «መኪናውን አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከፈረሙ መንገዱ ይጠብብዎታል፤ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

መካኒኩ ያገኘውን በቀንና በኪሎ ሜትር ጽፎ እንዲፈርምልዎት ያድርጉ። ፎቶ ያንሱ። ትልቅ ጉድለት ከሆነ ነጋዴው ሳያየው አይጠግኑት። ፍሬን ግን የማንንም መምጣት አይጠብቅም፤ ጠግነው አሮጌውን ዕቃ በላስቲክ ያስቀምጡ። ከዚያ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ አንድ የሚከበር ሰው ይዘው ይሂዱ። ሁሉንም ጉድለት አይዘርዝሩ፤ በማስረጃ የሚቆሙትን ሁለት ሦስቱን ብቻ ያንሡ፤ የሚፈልጉትንም በብር ቆርጠው ይናገሩ። የእኔው ነጋዴ መጀመሪያ እናቱን እየጠራ ማለ። የፍሬን ዘይቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያ የፍሬኑን ሥራ ግማሽ ከፈለ። ከነጋዴው ጋር ያገናኘኝ ደላላ ግን ኮሚሽኑን ከተቀበለ ጀምሮ ስልክ አንሥቶልኝ አያውቅም።

ደብተሩ

ባለ 50 ገጽ ደብተር ይግዙና የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይክተቱ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው፣ የዕቃው ዓይነት፣ የሠራው ሰው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000፣ የአየር ፊልትሮ በዚያው ጊዜ ይታያል፤ አረንጓዴው ኩላንት በየሁለት ዓመቱ። ነዳጅ ሲሞሉ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ይልመዱ፤ መኪናው ድንገት ብዙ መጠጣት ሲጀምር ከመብራቱ ቀድሞ ደብተሩ ይነግርዎታል። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ መስመር «የፍሬን ዘይት ዶት 4፣ የፊት ሸራ፣ የኋላ ጎማ ፖምፓ ሁለቱም» ይላል፤ ቡራዩ ያለው መካኒክ በእጁ ፈርሞበታል። መኪናውን የምሸጥ ቀን ደብተሩን ከቁልፉ ጋር አስረክበዋለሁ፤ ዋጋውን ሲከራከረኝ የገዢው ዓይን ከቀለሙ ይልቅ እሱ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ።